ስድስት መቶ አርባ ካርቶንና የደራ ሽማግሌዎች

የናዝሬትን ነፋስ የማያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ያጋነንኩ ይመስለዋል። የሚያውቀው ግን አይስቅብኝም። ነፋሱ ረፋዱ ላይ ይነሣና የድምፅ ማጉያውን ንግግር ከተናጋሪው አፍ ነጥቆ ወደ ወንጂ ይዞት ይሄዳል። በዚያ ዘመን በከተማችን ኳስ ሜዳ ለሕዝብ ከሚነገረው ግማሹ ሳይሰማ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነበር። ካርቶኑም የመጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ካርቶን ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ። በደርግ ጊዜ በትልልቅ በዓላት ላይ ተማሪዎች የሜዳው ደረጃ ላይ ተደርድረው ይቀመጡና እያንዳንዱ ቀለም የተቀባ ካርቶን ከፊቱ ከፍ ያደርጋል። ከአጠገባቸው ለቆመ ሰው የሚታየው ካርቶን የያዘ ልጅ ብቻ ነው። ከሜዳው ማዶ ለተቀመጠው ግን ልጆቹ ይጠፉና ሥዕል ይወጣል፤ ካርቶኑ ሲገለጥ ደግሞ ሥዕሉ ይቀየራል። ዛሬ በየአዳራሹና በየስታዲየሙ የምታዩት ባለ መብራት ስክሪን በሉት። ልዩነቱ፣ የእኛ ነጥቦች ይርባቸዋል፣ ያስነጥሳሉ፣ ከጎናቸው ካለችው ልጅ ጋርም ያወራሉ።

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ነበርኩ፤ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥዕል አስተምራለሁ። ከአፌ አብዝቶ የሚወጣው ቃል «እሺ» ነበር። በተፈጥሮዬ ለስላሳ ሆኜ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ብትጠይቁ ቁጡ ነች ይሏችኋል። ውጭ ግን እሺ የምልበት ምክንያት ነበረኝ። ታናሽ ወንድሜ ታደሰ አራት ዓመት ታስሮ ከተፈታ ገና ስድስት ወሩ ነበር። የተፈታው በዋስ ሲሆን ዋሱ እኔ ነበርኩ። ወረቀቱ ላይ ስፈርም አንድ ሰውዬ፣ «ዋሱ ከመንግሥት ሥራ ከተሰናበተ ወይም በጥፋት ከተጠረጠረ ዋስትናው ይወድቃል» ብሎ አንብቦልኛል። ትርጉሙን ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም። እኔ ከተሰናከልኩ ታደሰ ይመለሳል። ስለዚህ የወር ደመወዜን ብቻ ሳይሆን የወንድሜንም አንገት ተሸክሜ ነበር ጠዋት ጠዋት ክፍል የምገባው።

በዚያ ዓመት በከተማችን የመሠረተ ትምህርት በዓል ሊከበር ሆነ። ፊደል የቆጠሩ ገበሬዎችና የሸንኮራ ሠራተኞች በሕዝብ ፊት ምስክር ወረቀት ይቀበላሉ ተባለ። የበዓሉ ዝግጅት ኃላፊ ጓድ ደምሴ የሚባል ካድሬ ነበር። ወፍራም፣ ቶሎ የሚያልበው፣ ሲናገር የካኪ ኮቱን አዝራር የሚያሻሽ ሰው ነው። መምህራን ክፍል ገብቶ እኔ ላይ ቆመ።

«ሥዕል የምታስተምሪው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«ከየትምህርት ቤቱ ተውጣጥቶ ስድስት መቶ አርባ ተማሪ ይሰጥሻል። ልክ እንደ አዲስ አበባው እንዲሆን እፈልጋለሁ። ከክፍለ ሀገር ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ።»

«እሺ።»

እንዴት እንደሚሠራ ግን አላውቅም ነበር። ቤት ገብቼ የሒሳብ ደብተር አወጣሁ። ወደ ጎን አርባ ካሬ፣ ወደ ታች አሥራ ስድስት ካሬ ሰመርኩ፤ አንዱ ካሬ አንድ ልጅ ነው። ታደሰ ከጎኔ ተቀምጦ የጎረቤት ሬዲዮ እየጠገነ፣ «አርባ በአሥራ ስድስት... ይሄ እኮ ብዙም አይጽፍም» አለኝ። እውነቱን ነበር። አንድ ፊደል ከሩቅ እንዲነበብ ቢያንስ ዘጠኝ ካሬ ስፋት ይፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከአራት ፊደል በላይ አይገባም።

ጓድ ደምሴ ግን አምስት ቃል ያለው መፈክር ይዞ መጣ። ፊደሎቹን አሳንሼ በሦስት መስመር አጨናነቅሁለትና ልጆቹን አለማመድኩ። ልምምዱን እንዲያዩልኝ የሜዳውን ዘበኛ ጋሽ በቀለን ጥላ ፎቁ ላይ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ጋሽ በቀለ በዚያው ዓመት በመሠረተ ትምህርት ፊደል የለዩ ሰው ናቸው። ልጆቹ መፈክሩን አወጡ፣ እስከ ሃያ ቆጠርኩ፣ አስወረድኩ።

«ምን ይላል ጋሼ?»

«ልጄ፣ እኔ ገና በሩን ስከፍት እናንተ ቤቱን ዘጋችሁት» አሉኝ።

ይህን ለጓድ ደምሴ ስነግረው ጋሽ በቀለን በክፉ ዓይን አያቸው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ካድሬ ጋር የተከራከርኩት ያን ቀን ነው፤ ክርክር ካላችሁት። «ጓድ፣ መፈክሩ በአቡጀዲ ይጻፍና ጥላ ፎቁ ላይ ይሰቀል። ካርቶኑ ላይ አንድ ቃል ብቻ ትውጣ። በዓሉም ገና ማንበብ የጀመሩ ሰዎች በዓል ነው፤ እነሱ ያላነበቡትን ማን ያንብብልን?» አልኩት።

«የትኛዋ ቃል?»

«ተማርን።»

አዝራሩን እያሻሸ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ፣ «ይሁን። ግን ስሚ፣ በዕለቱ እንግዳው ፊት አንዲት ጉድለት ብትታይ ስህተት ነው ብዬ አልቀበልም። አሻጥር ነው የምለው። ተጠያቂዋም አንቺ ነሽ» አለኝ።

አሻጥር የምትለው ቃል በዚያ ዘመን ሰው ታስወስድ ነበር። አንድ የማውቀው ማተሚያ ቤት ሠራተኛ በእሷ ሰበብ ሄዶ ለወራት የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ቆይቷል። «እሺ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ሳምንታት ሌላ ሥራ አላስታውስም። ለእያንዳንዱ ልጅ ስድስት ካርቶን በሲባጎ ሰፍተን እንደ መጽሐፍ አደረግንለት። አንድ ቁጥር ሥዕል የሌለበት መደብ፣ ሁለት ቁጥር መጽሐፍ፣ ሦስት ቁጥር ፀሐይ፣ አራት ማረሻ፣ አምስት የሸንኮራ አገዳ፣ ስድስት ቁጥር ደግሞ በቢጫ መደብ ላይ በጥቁር «ተማርን» የሚለው ነው። ከካርቶኑ ጀርባ ጥግ ላይ ልጆቹ ቁጥሩን በእርሳስ ጻፉ። እኔ ከሜዳው ማዶ፣ ከጥላ ፎቁ ሥር ጠረጴዛ ላይ ቆሜ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ አነሣለሁ፤ ልጆቹ ያንን አይተው ይገልጣሉ። ነፋሱ ፊሽካውንም ስለሚበላው በድምፅ የሚሆን ነገር አልነበረም። ቀይ ይበልጣል ወይስ ጥቁር፣ ነፋስ የሚገለብጠው የትኛውን ረድፍ ነው፣ ፀሐይ ዓይን ውስጥ የምትገባው በስንት ሰዓት ነው፤ ሁሉንም ሞከርኩ። የልጆቹን መቀመጫ በስም ዝርዝር አሰርኩ። ሽንት ቤት መሄጃ ሰዓት ሳይቀር አወጣሁላቸው። ያልተዘጋጀሁበት ነገር የለም ብዬ ነበር ያደርኩት።

በዕለቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ልጆቹን ማዶ፣ ፀሐይ ላይ ካለው ደረጃ አስቀምጬ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ወጣሁ። አንድ ጊዜ ቁጥር ሁለትን አነሣሁና መጽሐፉ እንደ ታተመ ሆኖ ወጣ። ጥላ ፎቁ ላይ የነበሩት ሰዎች አጨበጨቡ። ታደሰም በር አካባቢ ካለው ሕዝብ መሃል ቆሞ እጁን አወዛወዘልኝ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እንግዳው ይገባሉ፣ ንግግር ይደረጋል፣ ከዚያ የእኛ ተራ ነው። የቀረው መጠበቅ ብቻ ነበር።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል በሩ ላይ ጫጫታ ሰማሁ። ሁለት ኤንትሬ የጭነት መኪና ሙሉ፣ ፊደል የቆጠረ ሰው ከደራ መጥቷል። ደራ አርሲ ነው፤ በእኛ ክፍለ ሀገር ዝርዝር ውስጥ የለም። ግን ገበያቸው ናዝሬት ነውና አንድ ሰው ጎረቤት አይቅር ብሎ ጠርቷቸው ኖሯል። የጠራቸው ሰው መቀመጫ ማዘጋጀቱን ረስቶታል። ለገበሬዎች የተከለለው ቦታ ሞልቷል፤ ጥላ ፎቁ የተጋባዥ ነው። ጥበቃዎቹ ግራ ቢገባቸው ወደ ማዶው ደረጃ፣ ወደ እኔ ልጆች ሸኟቸው። በደረጃዎቹ መሃል መተላለፊያ ስላለ እዚያ ይቆማሉ ብለው ይሆናል።

ከጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ አያለሁ። ነጫጭ ጋቢዎች በመተላለፊያው ወጡ። መሃል ላይ ሲደርሱ አንድ ተማሪ ብድግ አለ። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ አምስት፣ አሥር፣ ሃያ። ጋቢዎቹ አንድ በአንድ ተቀመጡ፤ ልጆቹ ካርቶናቸውን በብብታቸው ይዘው መተላለፊያው ላይ ቆሙ። በሦስት ሳምንት ልፋት ከሠራሁት የካርቶን ሥዕል ልብ ላይ፣ «ማ» እና «ር» ከሚወጡበት ቦታ ስልሳ ያህል ካሬ ነጭ ሆነ።

ወዲያው ገባኝ። ነፋሱን አስቤ፣ ፀሐዩን አስቤ፣ ሽንት ቤቱን አስቤ፣ አንድ ነገር ረስቻለሁ። በወግ ያደገ ልጅ ሽማግሌ ቆሞ እሱ አይቀመጥም። ማንም እንዲነሡ አላዘዛቸውም፤ ደግሞም ማዘዝ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። በስም ዝርዝሬ ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ ጽፌያለሁ እንጂ ሽማግሌ ቢመጣ ምን እንደሚደረግ አልጻፍኩም።

ሜዳውን አቋርጬ ልሮጥ ስል ጥበቃው ከለከለኝ፤ የእንግዳው መኪና የሚገባበት ነው። በጥላ ፎቁ ጀርባ፣ በአጥሩ ዙሪያ፣ አቧራው ውስጥ ሮጥኩ። ጫማዬ አንዱ ወልቆ ቀረ፤ ተመልሼ አላነሣሁትም። ደረጃው ጋ ስደርስ ቶሎሳ የሚባለው የክፍል አለቃ እየጠበቀኝ ነበር። ላብ አጥምቆታል።

«ቲቸር፣ ምን ላድርግ? አባቴን የሚያክሉ ሰው ቆመው እኔ ልቀመጥ?»

እኔም ብሆን እነሣ ነበር።

ከተቀመጡት መሃል ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል ያቆሙ አንድ ረጅም አዛውንት ነበሩ። ስማቸው ኦቦ ገመዳ እንደሆነ በኋላ አወቅሁ። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው።

«አካም ጅርታ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ እንዴት ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው። «ምነው ትሮጫለሽ? ሰው ሞተ?»

«አልሞተም አባቴ። ይህ ቦታ... ይህ ቦታ የልጆቹ ሥራ ነበር።» ካርቶኑን ከቶሎሳ ተቀብዬ አሳየኋቸው። እንዴት እንደሚገለጥ፣ ማዶ ሆኖ ሲታይ ሥዕል እንደሚሆን፣ መጨረሻ ላይ ምን የሚል ቃል እንደሚወጣ አስረዳሁ።

አዳመጡኝና፣ «ተማርን ነው የሚለው?» ብለው ጠየቁ።

«አዎ።»

«ማነው የተማረው?»

«እናንተ።»

«ታዲያ እኛ ቁጭ ብለን፣ ልጆች ናቸው ተማርን የሚሉልን?» አሉና ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው በኦሮምኛ አወሩ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አንዲት ነጠላቸውን ያጣፉ ሴትዮ፣ «ቁጥር እኮ እናውቃለን! ለዚሁ አይደል ወረቀት የምትሰጡን?» አሉኝ፤ ትንሽም የተቆጡ መሰለኝ።

እዚያች ላይ አፈርኩ። በዓሉ የእነሱ እንደሆነ ለጓድ ደምሴ ያስረዳሁት እኔ ነበርኩ። የካርቶኑን ሥዕል ሳዘጋጅ ግን እነሱን እንደ ተመልካች ብቻ ነበር ያየኋቸው።

«ከያዛችሁልኝ በጣም ደስ ይለኛል» አልኩ።

«ቶሌ» አሉ ኦቦ ገመዳ፤ እሺ ማለት ነው። ካርቶኑን ተቀበሉና ጀርባውን አዩት። ዓይናቸውን አጠበቡ፣ አራቁት፣ አቀረቡት። «ልጄ፣ የሩቁን ሰሌዳ እንኳ አየዋለሁ። የቅርቡ ነው የሚያስቸግረኝ። ይሄን ዝንብ የሚያህል ቁጥር ማን ያነብባል?»

ለካ ልጆቹ በእርሳስ የጻፉት ቁጥር ለልጅ ዓይን ነው። አስተማሪ ነኝና ጠመኔ ከኪሴ አይጠፋም፤ ሦስት አገኘሁ። ሰባበርኩና ለቆሙት ልጆች አከፋፈልኩ። «በትልቁ! የካርቶኑን ጀርባ የሚሞላ ቁጥር ጻፉ! አንዱ ሲጨርስ ጠመኔውን ለቀጣዩ ይስጥ!» ልጆቹ ተንበርክከው ይጽፋሉ፣ ሽማግሌዎቹ ከላይ ሆነው ይቆጣጠራሉ። «ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ...» እያሉ ይቆጥራሉ። አንዱ ሽማግሌ፣ «አንተ፣ አራትህ ጎብጧል፣ አስተካክለው» ሲሉ ሰማሁ። ጭንቅ ውስጥ ሆኜ ሳቅ አመለጠኝ።

የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። እንግዳው ገብተዋል። ቶሎሳን፣ «ልጆቹ ከየሽማግሌው እግር ሥር ይቀመጡ፤ የተቸገረ ካለ ይርዱ» አልኩትና በመጣሁበት መንገድ ሮጥኩ።

ጠረጴዛዬ ጋ ስደርስ ጓድ ደምሴ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ፊቱ ቀልቷል። ንግግሩ ተጀምሯል፤ ነፋሱም እንደ ልማዱ እየወሰደው ነው።

«ምንድን ነው ያ ነጭ? እነዚያ ሰዎች እዚያ ምን ይሠራሉ?»

«የደራ ገበሬዎች ናቸው፣ ጓድ። ካርቶኑን እነሱ ይይዙታል።»

«አብደሻል? ሦስት ሳምንት የተለማመዱ ልጆች እያሉ? አሁኑኑ አስነሺያቸው። ንግግሩ እስኪያልቅ አሥር ደቂቃ አለሽ።»

ማስነሣት ይቻል ነበር። ይህን አልደብቃችሁም። ሁለት ጥበቃ ይዤ ብሄድ ይነሡ ነበር፤ ባላገር በመንግሥት ሰው መነሣት ለምዷል። ቀና ብዬ ወደ በሩ ተመለከትኩ። ታደሰ ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም። ቀይ ሹራቡን ከሩቅ ለየሁት። ፊቱ አይታየኝም፤ እሱ ግን ከካርቶኖቹ መሃል ያለውን ጉድጓድ እንደሚያይ አውቃለሁ። ያ ጉድጓድ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ቀጥሎ የሚያውቅ ሰው እሱ ነው። እሺ ልል አፌን ከፈትኩ።

«ጓድ፣ እኔ ሽማግሌ አላስነሣም» አልኩ።

ማን እንደተናገረው ለማወቅ ዘወር ልል ምንም አልቀረኝ።

ጓድ ደምሴ አዝራሩን ለቀቀው። «ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ዋስትና እንዳለብሽም አውቃለሁ እኮ።»

«እኔም አውቃለሁ፣ ጓድ።»

ሌላ ሊለኝ ሲል ጭብጨባ ሆነ። ንግግሩ አልቋል። አንድ ቁጥርን አነሣሁ።

የልጆቹ ካርቶን በአንድ ጊዜ፣ ጧ ብሎ ወጣ። መሃሉ ግን ባዶ ነበር። ነጭ ጋቢ፣ ጥቁር ፊት፣ ከዘራ። በልቤ ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ አንድ ካርቶን ወጣ። ቀጥሎ አራት። ከዚያ ሌሎቹ ተከታተሉና ጉድጓዱ ሞላ። ከሕዝቡ መሃል አንዳንዱ ሳቀ። ሁለት ቁጥርን ሳነሣ ያው ሆነ፤ መጽሐፉ መጀመሪያ መሃሉን አይጥ የበላው መስሎ ወጣና ቀስ በቀስ ሞላ። በፀሐይዋ ላይ አንዱ ካርቶን ተገልብጦ ነበር። ሕዝቡ «ገልብጠው! ገልብጠው!» እያለ ጮኸ፤ ካርቶኑ ሲስተካከል ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። በማረሻውና በሸንኮራ አገዳው ጊዜ ሕዝቡ ጨዋታው ገብቶታል። ጉድጓዱ እስኪሞላ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፣ ሲሞላ ያጨበጭባል። በልምምድ ሁሉም ነገር ልክ ሲሆን እንዲህ ያለ ጭብጨባ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ስድስት ቁጥርን አነሣሁ።

«ተ» ወጣች። «ን» ወጣች። በመሃላቸው ባዶ። ጠበቅሁ። የሽማግሌዎቹ እጅ ከጋቢ ውስጥ ሲወጣ ይታየኛል። «ማ» በእግሯ ጀምራ ሞላች፤ «ር» ተከተለቻት። ቢጫ መደብ ላይ አራት ጥቁር ፊደል፣ ከዳር እስከ ዳር።

ከጓድ ደምሴ ጋር የተስማማነው እስከ ሃያ ቆጥሬ እንዳወርድ ነው። አሥራ አምስት ላይ ስደርስ ከግራዬ፣ ለገበሬዎች ከተከለለው ቦታ ድምፅ ሰማሁ። አንድ ሰው ጣቱን ወደ ማዶ ቀስሮ ጮክ ብሎ እያነበበ ነው። «ተ...» ይላል። ይቆማል። «ማ...» ከአጠገቡ ያሉትም ተቀበሉት። ነፋሱ ድምፃቸውን ሊወስደው ቢሞክር ብዙ ስለሆኑ አልቻለም።

«ሃያ ሞልቷል። አውርጂ» አለኝ ጓድ ደምሴ በጥርሱ መሃል።

«እያነበቡ ነው» አልኩት።

«አውርጂ!»

አላወረድኩም። ክንዴ ዝሏል፣ ሰሌዳው በነፋስ ይወዛወዛል፤ ግን ሰዎች እያነበቡ ነበር። «ር...» አሉ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ፣ «ን! ተማርን!» ብለው ጮኹ። ማዶ ያሉት ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ ካርቶናቸውን ሳያወርዱ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ፊደሎቹ መሃላቸው ላይ ከፍ አሉና ቃሉ ተንጋደደ፤ ማንም ግድ አልሰጠው። «በረኔ! በረኔ!» የሚል ድምፅ ከማዶ መጣ፤ በኦሮምኛ ያችኑ ቃል ነው። አለቀስኩ። ሰሌዳውን በሁለት እጄ ስለያዝኩ እንባዬን የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም።

ትልቁ እንግዳ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ካጨበጨቡ በኋላ፣ ጎንበስ ብለው ጓድ ደምሴን አንድ ነገር ሲጠይቁት አየሁ። ከሥራቸው ቆሜያለሁና ሰማሁ።

«መሃል ላይ ያሉት እነማን ናቸው?»

ጓድ ደምሴ መጀመሪያ እኔን አየ። ከዚያ ኮቱን አስተካከለና፣ «ፊደል የለዩ ገበሬዎች ናቸው፣ ጓድ። ተማሪውና ገበሬው በአንድነት እንዲያቀርቡት አስበን ነው ያዘጋጀነው» አለ።

«ግሩም ሐሳብ ነው» አሉት።

አስበን ነው! ወንበዴ! ሆኖም በዚያች ሰዓት እግሩን ብስም አልጠላም ነበር። በኋላ የበዓሉ ሪፖርት ሲወጣ ሐሳቡ የጽሕፈት ቤቱ እንደሆነ ተጽፎ አነበብኩ፤ የእኔ ስም የለበትም። ጓድ ደምሴ እኔን ሲያገኝ፣ «ለወደፊቱ አስቀድመሽ አሳውቂ» ብቻ ብሎኝ አለፈ። «እሺ» አልኩት፤ ይህችኛዋ እሺ ግን እንደ ድሮዋ አልከበደችኝም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል። አሁን አዳማ ላይ ባለ መብራት ስክሪን የሌለው ሰርግ እንኳ የለም። ልጅ እግር ባለሙያዎች አንዳንዴ የድሮ ሰው ነች ብለው ምክር ይጠይቁኛል። ስንት ቃል እንጻፍ፣ ስንት ሴኮንድ ይቆይ ይሉኛል። እኔም የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ጽሑፉን ከፊት ወንበር ሆናችሁ አትፈትኑት፤ መጨረሻ ወንበር ላይ ሂዱና ከአዳራሹ ሁሉ ዓይኑ የደከመውን ሰው አስቀምጡ። እሱ አንብቦ ሳይጨርስ አትቀይሩ። ስክሪኑ ላይ ስለ ማን እንደምታወሩ እወቁ፤ ከቻላችሁ እሱው ይናገር። አንዱ ልጅ፣ «እማማ፣ እንዲህ ከሆነ እኮ ፕሮግራሙ ይዘገያል» አለኝ። ይዘግይ፤ የእኛም ዘግይቷል፤ ከዘገየበት ደቂቃ ውስጥ አንዷንም የሚቆጭባት ሰው አላገኘሁም።

ስለ ራሴ ደግሞ ይህን ልበል። ከዚያ ቀን በፊት ፍርሃቴን ጥንቃቄ ነው እያልኩ እጠራው ነበር። ከዚያ በኋላም ፈርቻለሁ፤ ዘመኑ የማያስፈራ አልነበረም። ግን ፍርሃት አንድ ነገር ሲያዘኝ፣ መታዘዝና አለመታዘዝ የእኔ ምርጫ እንደሆነ አውቅ ነበር።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያን ቀን ሜዳው ሲበተን ታደሰ አጥሩ ጥግ ጠበቀኝ። ወልቆ የቀረውን ጫማዬን ፈልጎ አግኝቶ በእጁ ይዞታል። ወደ ቤት አብረን መንገድ ጀመርን። መናገር ያለብኝ እኔ ነበርኩ።

«ታዴ፣ አስነሺያቸው ብሎኝ ነበር። አላስነሣም አልኩት። አንተን አስቤያለሁ፤ እያሰብኩህም እንቢ አልኩት። በአንተ ላይ ፈረድኩ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ቆመ። አራት ዓመት የታሰረ ሰው ሲያይ አስተያየቱ ሌላ ነው፤ ዓይኑን ቶሎ አይነቅልም።

«በር ላይ ቆሜ ምን ስጸልይ እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ምንም ቢሆን እንዳታስነሺያቸው። እዚያ ውስጥ ሳለሁ ጠዋት ማታ 'ተነሥ' ነበር የሚሉኝ። አንድን ሽማግሌ በእኔ ምክንያት 'ይነሡ' ብለሽ ቢሆን ኖሮ፣ ነፃ ነህ ተብዬ እንኳ ዛሬ ወደ ቤት አልገባም ነበር።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማዬን አደረገልኝና ቤታችን ገባን።